ዐሥራ ሁለት ሆነን ወደ ደኑና ወደ ፏፏቴው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



 እኛ በ2011 ዓ.ም. እዚህ ቢቸና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የነበርን ስድስት ልጆች ነን። የጕዞ ጓደኞቻችን የነበሩት ሌሎቹ ስድስት በሞጣ ይማሩ ነበር፤ ከእነርሱም ሁለቱ ለዛሬው በዓል መጥተው ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ያን ዓመት በጥቅምት ወር አብረን ያደረግነው የአንድ ቀን ጕዞ አለ፤ የምንነግራችሁም እርሱን ነው። ያየነውን መናገር ደስ ይለናል፤ ነገር ግን የመጣነው ለዚያ ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ስላለብን ነው። ዕዳው ምን እንደ ሆነ በስፍራው እንናገራለን።

የነገሩ መነሻ አንድ የጂኦግራፊ ትምህርት ነበር። መምህራችን ስለ ከፋ፣ ስለ ሸካና ስለ ያዩ ደኖች ሲያስተምሩን፣ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚቻል ሁኔታ የሚጥልበት፣ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር መኖሩን ሰማን። ዩኔስኮም ከፋንና ያዩን በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዓለም ጥብቅ ሥነ ሕይወታዊ ስፍራዎች መዝገብ እንደ ጻፋቸው ነገሩን። እኛም ወዲያው «ወደዚያ ይውሰዱን» አልን። መምህራችን ሣቁ። ከቢቸና ተነሥቶ ከፋ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስ እንኳን ለተማሪ ለአሞራም እንደሚያስቸግር ከገለጹልን በኋላ፣ «ለመሆኑ ከዚህ የሚቀርበውን ደን አይታችሁታል?» ብለው ጠየቁን። አይተነው ነበር፤ ገብተንበት ግን አናውቅም።

ከቢቸና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በመስኮት ሲመለከት የጤፍ ማሳ፣ የጤፍ ማሳ፣ አሁንም የጤፍ ማሳ ያያል። በዚያ መካከል ግን አልፎ አልፎ ክብ ሆኖ የጠቈረ ዛፍ ከሩቅ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ነው። የእኛ አገር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠቃልሎ የሚጥል ስለ ሆነ፣ ደናችንም እንደ ከፋ ደን ሁልጊዜ እርጥብ አይደለም፤ በጋውን ችሎ የሚኖር የደጋና የወይና ደጋ ደን ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማ የእርሱ ልጆች ናቸው። ከደኑ ብዙው በእርሻና በማገዶ ምክንያት አልቆ፣ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ዐሥራ ሁለት ሆነን ከመሄዳችን በፊት፣ በዚያው ዓመት በመስከረም፣ ከስድሳ በላይ ሆነን በሁለት አይሱዙ ተጭነን አንዱን የቤተ ክርስቲያን ደን ልናይ ሄደን ነበር። መሪ አልነበረንም፤ ዘፈን ግን ነበረን። እንደ ደረስን በየአቅጣጫው ተበተንን። የበቆሎ እሸት ይዘን ስለ ነበር እሳት አነደድን፤ ለማገዶውም በአንድ በኩል ተከምሮ ያገኘነውን ደረቅ እሾህ ተጠቀምንበት። እሸቱም ጣፋጭ ነበር፤ ውሸት አንናገርም።

ጥቂት ቈይተው አንድ ሽማግሌ ካህን መጡ። የነደደው እሾህ ክምር አልነበረም፤ አጥር ነበር። በውስጡም ከብት እንዳይበላቸው የታጠሩ የዝግባ ችግኞች ነበሩ፤ እኛም ያንን ሳናውቅ ስንመላለስ ረግጠናቸዋል። አባ አልተቈጡም። አመዱን ዞረው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህን አጥር ያጠርነው ከከብት ብለን ነው፤ ከተማሪ ብለን አላጠርንም» አሉን። ቢቈጡን ይሻለን ነበር። በመኪና ስንመለስ የዘፈነ የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ጕዞ የታሰበው። ይቅርታ ለመጠየቅ የሄዱት መምህራችን አባን አነጋግረው፣ ተማሪዎች ተመልሰው ሊመጡ የሚችሉበትን ደንብ ይዘው መጡ። አንደኛው፣ ከአካባቢው ሰው መሪ እንድንይዝና የድካሙን ዋጋ አስቀድመን እንድንስማማ ነው። ሌላው፣ ስፍራውን ለማንም እንዳናውጅ ነው፤ ስለዚህም ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑንም ሆነ የፏፏቴውን ስም አንጠራም። ቍጥራችንን የወሰነው ግን ራሱ መሪያችን ነው። ዐምሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ፤ በአገራችን ልማድ «አያ» እያልን ጠራናቸው። ለምን ዐሥራ ሁለት ብቻ እንዳሉ ብንጠይቃቸው፣ «ድምፄን ሳላነሣ የሚሰማኝ ሰው ከዚያ አይበልጥም» አሉን። መልሱ ያን ጊዜ እንደ ቀልድ መሰለን።

የወላጆችን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ከመካከላችን አራቱ ሴቶች ልጆች ነበርን፤ ለመስከረሙ ጕዞ ፈቃድ ተከልክለን ቤት የቀረንም ነበርን። ቍጥሩ ትንሽ መሆኑን፣ አንዲት መምህርት አብረው እንደሚሄዱ፣ የመሪውም ቤት የት እንደ ሆነ ሲሰሙ ግን እናቶቻችን ፈቀዱ። ከቢቸና የሄድነው ስድስታችን በዋዜማው በሞጣ ጓደኞቻችን ቤት አደርን፤ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ እግራችን ታጥቦ፣ ከበቂ በላይ በልተን ተኛን።

በማግስቱ ከንጋቱ በ12 ሰዓት ተነሣን። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ነበር። ኑጉ አብቦ ሜዳውን ቢጫ አልብሶታል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። አያ በትራቸውን ይዘው ከፊት፣ መምህርታችን ከኋላ ሆነው አንዱ ባንዱ ኋላ ተጓዝን። ከደኑ ዳር ስንደርስ አያ አቆሙን። ከቅላቸው ጥቂት ውሃ ለሰውና ለከብት መመላለሻ በሆነው ደረቅ መሬት ላይ አፈሰሱ፤ ውሃው አቧራውን ይዞ ቍልቍል ሮጠ። ወደ ደኑ ከገባንም በኋላ ያንኑ ያህል አፈሰሱ፤ ውሃው የት እንደ ገባ አልታየም። የወደቀው ቅጠል ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቦ እንደ ፍራሽ ሆኗል፤ እግር ሲረግጠው ሰመጥ ይላል። ስለ ውሃ ስርገት በክፍል ውስጥ ሁለት ገጽ ጽፈን ነበር፤ ከሁለቱ ገጽ ይልቅ ያ ቅል አስተማረን።

በውስጡ ያየነውን ሁሉ ለመዘርዘር ጊዜ አይበቃም። ብርዱ ገብቶን ነጠላችንን ተከናነብን። ጦጣዎች ከላይ ሆነው ተመለከቱን። አያ ዛፉን ሁሉ በስሙ ብቻ ሳይሆን በሥራው ያውቁታል፤ ወይራው ለጢስና ለጥርስ መፋቂያ፣ ዋንዛው ለሣንቃ፣ የዶቅማው ፍሬ ለእረኛ፣ የብሳናው አበባ ለንብ። አንዳችን «ታዲያ ይህን ሁሉ ጥቅም እያወቁ እንዴት አይቈርጡትም?» ብሎ ጠየቀ። «የታቦቱ ልብስ ነውና» ብለው መለሱ፤ ሌላም አልጨመሩ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ቢኖሩም ከሥራቸው ልጅ የሆነ ዛፍ እምብዛም አለመታየቱ ነው። ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላው ሽማግሌው ዛፍ ተተኪ የለውም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ ይህንኑ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች አጥንተዋል። ከአሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋርም ሆነው፣ ካህናቱና ሕዝቡ ደናቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ረድተዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም እርሻውም ይጠራል፤ ደኑም ይጠበቃል።

ከደኑ በታች አንዲት ምንጭ ወጥታ ጥቂት ከሄደች በኋላ ከገደል ትወረወራለች። ፏፏቴዋ ይህች ናት። ድምፅዋን ከማየታችን በፊት ሰማነው፤ ከዚያም የውሃው ብናኝ ፊታችንን ነካው። የአገራችን ገደል በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ቀልጦ በወጣ ድንጋይ ንብብር የተሠራ ነው። በጠንካራው ንብብር ሥር ለስላሳው ሲገኝ ውሃው ለስላሳውን ቀድሞ ይቦረቡረዋል፤ ጠንካራው እንደ ከንፈር ወጥቶ ይቀራል። ፊዚክስ የሚወድ ጓደኛችን ድንጋይ ጥሎ፣ እስኪወድቅ ያለውን ጊዜ በሰዓት ቈጥሮ የገደሉን ቁመት ሊያሰላ ፈለገ። አያ እጁን ያዙትና «ከታች እረኛ አለ» አሉት። ስለዚህ የፏፏቴዋን ቁመት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ውሃ አይቶ ስለ ዝነኛው ስለ ጢስ ዐባይ ያላነሣ የጐጃም ተማሪ የለምና እኛም አነሣን። ጢስ ዐባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ የሚወርድ ነው። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1990ዎቹም ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚመለስ፣ በብዙ ቀኖች የሚታየው የቀድሞውን ጥቂቱን ነው። ከመካከላችን ግማሹ ይህን ነቀፈ፤ ግማሹ ደግሞ መብራት ሳይኖር ማታ በምን ልናጠና እንደ ነበር ጠየቀ። ክርክሩ እስከ ምሳ ቈየ፤ የረታ የለም።

ከምሳ በኋላ አያ የዐባይ ሸለቆ ወደሚታይበት አፋፍ ወሰዱን። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ሱሃና ሙጋ፣ ሌሎቹም ወንዞቻችን ሁሉ የሚገቡት ወደዚህ ነው። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረውን የሰባራ ድልድይን ታሪክ የነገሩን እዚያ ተቀምጠን ነው። ድልድዩ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነበር። በፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች የመካከሉን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ሰዉ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህም ከወዲያም ጐበዞች እየጐተቱት ተሻገረ። የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱን በብረት አስገጠመ፤ በ1997 ዓ.ም. ጐርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። አያ በወጣትነታቸው በገመዱ ተሻግረዋል። «እንዴት ነበር?» ብንላቸው፣ «ዐይኔን ጨፍኜ ስለ ነበር አላየሁትም» አሉን።

ስንመለስ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቀዳን። አንደኛው ከደኑ ከምትወጣው ምንጭ፣ ሁለተኛው የታረሰ ተዳፋት አቋርጦ ከሚወርደው ፈፋ ነው። ሁለቱም ዛሬም በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ከዚህ ስትወጡ እዩአቸው። በሁለተኛው ጠርሙስ ሥር የተቀመጠው አፈር ከጣት ይወፍራል። ያ አፈር የአንድ ሰው የጤፍ ማሳ ነበር።

በመንገዱ መጨረሻ ከመካከላችን የአንዲቱ እግር ተጠማዘዘ። አያ ሁለት በትር በጋቢ አስረው ቃሬዛ አበጁ፤ እየተፈራረቅን ተሸከምናት። ማንም አልተበተነም፤ ማንም ወደ ኋላ አልቀረም። ድምፄን ሳላነሣ ያሉን ቃል የዚያን ጊዜ ገባን።

አሁን ወደ ዕዳው ደርሰናል። በመላው አገር ችግኝ በሚተከልበት በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ተመልሰን ሄደን፣ እያንዳንዳችን አራት አራት፣ በጠቅላላው 48 የዝግባ ችግኝ ተከልን። ባቃጠልነው እሾህ ፋንታም የድንጋይ ካብ ጀመርን፤ በዚያ ቀን የካብነው ዐሥራ ሰባት ክንድ ነው። ለአባም በየዓመቱ በጥቅምት ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች እየመጡ ካቡን እንደሚቀጥሉት ቃል ገባን። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከእኛ በታች የነበሩ ልጆች ሄደው ወደ ሃያ ዘጠኝ ክንድ አደረሱት። በዚያው ዓመት በመጋቢት በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከዚያም በኋላ አገሩን ያገኘውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛም አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለሥራ ተበታተንን። ካቡ ሃያ ዘጠኝ ክንድ ላይ ቆሟል፤ ደኑን ለመዝጋት ከሦስት መቶ ክንድ በላይ ይቀረዋል።

ለዚህ በዓል ስንሰናዳ ወደ አያ ስልክ ደወልን። ደኅና ናቸው፤ አባ ግን ዐርፈዋል። ከ48ቱ ችግኞች 31 መጽደቃቸውን፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሰው ቁመት መድረሳቸውን ነገሩን። አንዳንዱን ከብት በልቶታል፤ በካቡ ጫፍ በኩል የነበረውን ነው። ከዚያም «የተማሪዎቹ ተራ ለማን ደረሰ?» ብለው ጠየቁን፤ የምንመልሰው አጣን።

የጕዞው መዝገብ ይኸውላችሁ። በመጀመሪያው ገጽ የእኛ የዐሥራ ሁለታችን ስም፣ በሁለተኛው ገጽ የ2012ቱ ልጆች ስም ተጽፏል፤ ሦስተኛው ገጽ ባዶ ነው። መዝገቡን ዛሬ ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክባለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ወላጆችና መምህራን አይተው በፈቀዱበት በመጀመሪያው ጥቅምት መሄድ የሚፈልግ ስሙን ይጻፍበት፤ ከዐሥራ ሁለት በላይ የተጻፈ እንደ ሆነ የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ይቈይ። የመሪውን ዋጋና የመኪናውን ኪራይ የመጀመሪያውን ዓመት እኛ እንችላለን። የአያን ስልክ ቍጥር መምህርታችን ያውቁታል። በቆሎ እሸት ይዞ መሄድ አይፈቀድም።