ጨዋነት ፍርሃት አይደለም
ስለ ሰው አያያዝና ስለ ልብ ጽናት ለይፋት ቆላ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ



ሰው ሥራውን በእጁ ይሠራል፤ የሥራውን ዋጋ የሚያገኘው ግን በአንደበቱና በጠባዩ ጭምር ነው። ገበሬ ምንም እንኳ ማሾውን አሳምሮ ቢያመርት፥ በሚዛን ፊት ቆሞ መጠየቅ ካልቻለ የድካሙ ከፊል በሌላ ሰው ከረጢት ይቀራል። ጸሓፊም ምንም እንኳ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ቢሆን፥ ባለጉዳይን በቁጣ የሚመልስ እንደ ሆነ ሥራው አይወደድለትም። ስለዚህ ልጆች ፊደልና ቍጥር ሲማሩ የሰውን አያያዝና የልብን ጽናት አብረው መማር ይገባቸዋል።

ይህ ነገር ለሁሉ አገር የሚያስፈልግ ቢሆንም ለይፋት ቆላ ይልቁንም ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ በ1300 ሜትር ግድም ተቀምጣለች፤ በላይዋ ያለው ጣርማ በር ግን ከ3000 ሜትር ያልፋል። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላውን፥ ጤፉን፥ ማሾውንና ሽንኩርቱን ይዞ ይጠብቀዋል፤ አፋሩ ግመሉንና ከብቱን ከበረሓ ያመጣል፤ አርጎባው በንግድና በሽመና የታወቀ ነው። አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩም በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ሲገናኙ የኖሩ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ከማያውቀው ሰው ጋራ መነጋገር የማይችል ሰው፥ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

ነገር ግን ልጅ በቤቱ «ዝም በል፤ በታላቅ ፊት አትናገር» እየተባለ ያድጋል። ይህ ሥርዐት መልካም መሠረት አለው፤ ታላቁን የማያከብር ልጅ ለራሱም ክብር አያገኝምና። አባቶችም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለዋል። ሆኖም ይህ ምሳሌ የተነገረው ከንቱ ነገር ለሚያበዛ ሰው ነው እንጂ፥ እውነቱን ለሚያስረዳ አይደለም።

ጨዋነትና ፍርሃት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ጨዋውም ፈሪውም ዐይናቸውን ወደ መሬት ይሰብራሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው የመናገሪያው ጊዜ ሲደርስ ነው። ጨዋ ልጅ ታላቁ እስኪጨርስ ዝም ይላል፤ ሲጠየቅ ግን ጥርት አድርጎ ይመልሳል። ፈሪ ልጅ ሲጠየቅም ዝም ይላል፤ ወይም ያልገባውን ነገር «እሺ፥ ገባኝ» ብሎ ያልፋል። ይህ ልጅ ነገ ሠራተኛ ሲሆን ያልገባውን ሥራ ተቀብሎ ያበላሻል፤ አለቃው ሲቆጣውም የሚመልሰው ቃል አጥቶ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ሰነፍ ነው ይባላል እንጂ የጐደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረ።

ምናልባት አንዳንድ ሽማግሌ፥ ልጅን መናገር ማስተማር ባለጌ ማድረግ ነው ብሎ ይሠጋ ይሆናል። ለዚህ ሥጋት መልሱ በጥንቱ የኢትዮጵያ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፥ ውሻውን እየተከላከለ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለምናል። አንዱ ቢሰጠው ይመርቃል፤ ሌላው ቢከለክለው ሳይቀየም ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። በቅኔ ቤትም የቈጠረውን ቅኔ ጓደኞቹ እየሰሙ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ስሕተቱም በጉባኤ ይታረማል። በመጀመሪያ ላብ ያጠምቀዋል፤ እየለመደ ሲሄድ ግን መታረም ውርደት እንዳልሆነ ያውቃል። በዚህ መንገድ ያለፉ ሊቃውንት በትሕትናቸው ተመሰገኑ እንጂ ባለጌ አልተባሉም። በቀድሞ ዘመን በነበረው በበላ ልበልሃ ሙግትም ገበሬው ራሱ በዳኛ ፊት ቆሞ፥ እየተወራረደ ነገሩን ያስረዳ ነበር። እንግዲህ የልብ ጽናት ከባዕድ አገር የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም።

የሰውን አያያዝ ደግሞ ከአበጋሮች መማር ይቻላል። በይፋትና በአካባቢው ደም የተቃቡትን ሰዎች የሚያስታርቁ፥ አበጋር የተባሉ ሽማግሎች አሉ። አስታራቂ ሽማግሌ ወታደርም ወኅኒ ቤትም የለውም፤ ኀይሉ ማድመጥ ነው። የሁለቱን ወገን ነገር ሳይሰማ ቃሉን አይሰጥም፤ የተበደለው ሰው በደሉ እንደ ተሰማለት ካላወቀ ካሣውን በልቡ እንደማይቀበል ያውቃልና። ነጋዴም፥ ጸሓፊም፥ መምህርም ይህን ቢይዝ ብዙ ጠብ ከመወለዱ በፊት ይቀራል።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ በየማለዳው አንድ ተማሪ ተነሥቶ ስሙን፥ የአባቱን ስምና መንደሩን ተናግሮ፥ ትናንት የሠራውን በሦስት ዐረፍተ ነገር ይንገር። ሲሳሳት የሚሥቅበት እንዳይኖር መምህሩ ይጠብቅ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ ሦስቱ ዐረፍተ ነገር ውሎ አድሮ ዐሥር ይሆናል። ሁለተኛ፥ «አልገባኝም» ያለውን ተማሪ በሁሉ ፊት ያመስግነው። ሦስተኛ፥ በክፍል ውስጥ ገበያ ይዘርጋ፤ አንዱ ሻጭ፥ አንዱ ገዢ፥ አንዱ መዛኝ ይሁን። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማሾን ከሚያገበያያቸው ሰብሎች ጋራ ስለ ደመረው፥ የገበሬ ልጅ «ሚዛኑ ስንት አለ? የጆንያው ክብደት ተቀንሷል ወይ? ደረጃው ስለ ምን ዝቅ አለ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅን ከወዲሁ ይልመድ። አራተኛ፥ እያንዳንዱ ልጅ የጐረቤቱን ሰላምታ በጐረቤቱ ቋንቋ ይማር። ይልቁንም ሴቶች ልጆች ከወንዶች አብልጠው ዝም እንዲሉ ስለሚታዘዙ፥ ተራቸው እንዳይዘለል ያስፈልጋል።

የሽማግሎቹም ድርሻ ቀላል አይደለም። ልጅን ወደ ጐረቤት መልእክት አስይዞ መላክ፥ ሲመለስም ምን እንደ ተባለ ጠይቆ እስከ መጨረሻው ማድመጥ ትልቅ ትምህርት ነው። በቤቱ የተደመጠ ልጅ በአደባባይ አይንቀጠቀጥም።

ነገር ግን አንደበት ብቻውን እንደማይበቃ ልጆቹ ይወቁ። አፈ ጮሌ ሰው አንድ ቀን ይሸጣል፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይሸጣል። በቀጠሮ መድረስ፥ የተበደሩትን መመለስ፥ ያጠፉትን «አጥፍቻለሁ» ማለት፥ እነዚህ የልብ ጽናት ሥሮች ናቸው። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የሰው ፊት አያስፈራውምና።

ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ያለችው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት በተቃጠለች ጊዜ፥ ጐረቤት ከጐረቤት የሚነጋገርበት ቃል ሲጠፋ ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚጠፋ ታይቷል። የተቃጠለ ቤት በገንዘብና በጕልበት ይሠራል፤ መተማመን ግን የሚሠራው ሳይፈራ በሚናገርና ሳይቸኵል በሚያደምጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማሳደግ የሚጠየቀው ወጪ በየማለዳው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያንም ለመስጠት የሚችለው መምህሩ ነው።