ሥርዓተ ትምህርት እንደ መላምት፦ የአንድ የምርምር ማዕከል ታሪክ



ዛሬ የማወራችሁ በእንግሊዝ አገር፣ በኖሪች ከተማ፣ በኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለተቋቋመ የትምህርት ምርምር ማዕከል ነው። መሥራቹ ሎረንስ ስቴንሃውስ ይባላል። ወደዚያ ሲሄድ በ1967 የተጀመረውን የሰብአዊ ጥናቶች ሥርዓተ ትምህርት ፕሮጀክት ይዞ ነበር። የትምህርት መውጫ ዕድሜ ወደ 16 ዓመት ከፍ ሊል ታቅዶ ስለነበር፣ ለእነዚህ ወጣቶች ምን እናስተምራቸው የሚለው ጥያቄ አፋጣኝ መልስ ይሻ ነበር።

ፕሮጀክቱ ጦርነትን፣ ድህነትን፣ ቤተሰብን የመሳሰሉ አከራካሪ ጉዳዮችን ወደ ክፍል አስገባ። መምህሩም የራሱን አቋም የማይጭን ገለልተኛ ሰብሳቢ እንዲሆን ተጠየቀ። ሐሳቡ ሁሉንም አላስደሰተም፤ ስለ ዘር ግንኙነት የተዘጋጀው የማስተማሪያ ጥራዝ በ1972 እንዳይታተም ታግዷል። እኔ እንደማየው፣ የማዕከሉ ሰዎች ከዚህ የተማሩት በጽሕፈት ቤት የሚረቀቅ ሰነድ ብቻውን ክፍልን እንደማይለውጥ ነው።

ስቴንሃውስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ሥርዓተ ትምህርት መላምት ነው፣ መምህሩም በገዛ ክፍሉ የሚፈትነው ተመራማሪ ነው ሲል ተከራከረ። ባልደረባው ጆን ኤሊየት ይህንኑ ከመምህራን ጋር ሞከረው። የአንድን ክፍለ ጊዜ ሂደት መምህሩ፣ ተማሪው እና ታዛቢው ለየብቻ እንዲናገሩ አድርጎ ሦስቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀመጠ። ተማሪ በነጻነት እንዲያስብ አደርጋለሁ ያለ መምህር፣ ተማሪው ግን መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ስገምት ዋልሁ ሲል መስማት እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ አስቡት!

ስቴንሃውስ በ1982 ዐረፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ በእንግሊዝ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ሲደነግግ፣ መላምት የተባለው ነገር ትእዛዝ ሆነ።

እኛስ? ቴሶ ብለን በምናውቀው፣ በ2003 ግድም በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ አማካይነት አክሽን ሪሰርች በየማሠልጠኛው ተስፋፋ። እኔም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለሁ በየዓመቱ አንድ ጥናት እንዳስገባ እጠየቅ ነበር። አንድ ዓመት የተማሪዎቼን የድርሰት ችግር የሚመለከት ርእስ መረጥሁ፤ የባልደረባዬን የዐምና ጥናት ተውሼ ስሙንና ቀኑን ቀየርሁ፤ ማኅተም አርፎበት ፋይል ውስጥ ገባ። በክፍልህ ምን ተለወጠ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። የዚያ ዓመት ተማሪዎቼ ድርሰት መጻፍ ለምን እንደከበዳቸው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።