ስለ ነርቭ ልባስና ስለ ሥጋ ደዌ የተደረገ ንግግር



ትኩስ ምጣድ ነክቶ እጁን የማይሰበስብ ልጅ አይታችሁ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ድፍረት አይደለም። ወሬ የሚያደርስለት ነርቭ ስለ ተጎዳ ነው። የነርቭ ሕዋስ ክሩ እጅግ ቀጭን ሲሆን፣ ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚወርደው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። በክሩም ላይ የሽቫን ሕዋሳት የተባሉት ተሰልፈው ይጠብቁታል፤ ብዙዎቹም ካህን ጥምጥሙን በራሱ ላይ እንደሚጠመጥም ስብ ያለበት ልባስ ይጠመጥሙበታል። በልባሶቹ መካከል ጥቂት ክፍተት ስለሚቀር መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሮጣል። ልባስ የሌለው ክር በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ሲያደርስ፣ ወፍራም ልባስ ያለው እስከ 100 ሜትር ያደርሳል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. የኖርዌው ሐኪም ሐንሰን ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በነዚሁ ጠባቂዎች ውስጥ ገብቶ ይኖራል። እነርሱ ሲጎዱ ክሩም ይጎዳል። ጣት የሚጎድለውም ይልቁን ሳይታወቅ በሚደርሰው ቃጠሎና ቁስል ነው፤ የዘር እርግማን ነው ሲባል እኔም በልጅነቴ ሰምቼ ነበር፤ ነገሩ ግን ሐሰት ነው።

ስለዚህ በተማሪ ገላ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማው ምልክት ያየ መምህር ልጁን ከትምህርት ሳያስወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይምራው። መድኃኒቱ በ6 ወይም በ12 ወር የሚፈጸም፣ ያለ ዋጋም የሚሰጥ ነው። የሞተ ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስምና፣ ነገ ሳይባል ዛሬ ይሂድ።