እይታና መሠረቱ



በእንግሊዝ አገር የተወለደው ኤድጋር ኮድ በአይ.ቢ.ኤም. የሳን ሆዜ የምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናልን ሞዴል አቀረበ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፣ መረጃ በረድፍና በዓምድ በተደራጀ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ተጠቃሚውም የሚፈልገውን ይናገር እንጂ መረጃው የት እንደተከማቸ አይጨነቅ የሚል ነበር።

«እይታ» የሚባለው በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። እይታ የራሱ ረድፍ የሌለው፣ በተጠየቀ ጊዜ ከመሠረታውያኑ ሠንጠረዦች የሚቀዳ ሠንጠረዥ ነው። ለማንበብ ችግር የለበትም፤ ጣጣው የሚመጣው በእይታው በኩል ለመጻፍ ሲሞከር ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት አንደኛው ሠንጠረዥ ሠራተኛውን ከክፍሉ፣ ሁለተኛው ክፍሉን ከኃላፊው ያገናኛል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ኃላፊ አለው፤ ማንም ኃላፊ ሁለት ክፍል አይመራም። አልማዝ በምትመራው የጥገና ክፍል ያለው ሠራተኛ ቶላ ብቻ ነው፤ ከበደ ለሚመራው የንድፍ ክፍል ገና ሠራተኛ አልተመደበም። ሠራተኛውን ከኃላፊው ጋር የሚያሳየው እይታ «ቶላ፣ አልማዝ» ይላል። ጸሐፊዋ ይህን «ቶላ፣ ከበደ» ብላ ብታርመው ምን ሆነ ማለት ነው? ቶላ ወደ ንድፍ ክፍል ተዛወረ? ወይስ አልማዝና ከበደ ቦታ ተለዋወጡ? በእይታው ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በሰዎቹ ኑሮ ግን አንድ አይደሉም። ማሽኑ በግምት ቢመርጥ፣ ስሕተቱ በእይታው ላይ ስለማይታይ አራሚ አያገኝም።

ባንሲሎንና ስፒራቶስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ መላ አበጁ። ከእይታው ጋር ሲጣመር መላውን መረጃ የሚመልስ ሌላ እይታ «ማሟያ» ተብሎ ይመረጣል፤ ለውጥ ሲደረግም ማሟያው አይነካም። እንዲህ ከሆነ ለውጡ ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሊኖረው አይችልም። በምሳሌው የክፍሎችና የኃላፊዎች ሠንጠረዥ ማሟያ ቢሆን፣ የጸሐፊዋ እርማት የቶላ ዝውውር ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለአንድ እይታ ብዙ ማሟያ ሊገኝለት ይችላል፤ የትኛው እንደሚሻል ሒሳቡ አይወስንም።

ኮድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣቸው ደንቦች፣ በንድፈ ሐሳብ ሊሻሻል የሚችል እይታ ሁሉ በሥርዓቱም ሊሻሻል ይገባል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የኤስ.ኪው.ኤል. ደረጃ ግን ሠንጠረዦችን በሚያጣምር እይታ በኩል መጻፍን አልፈቀደም።

እንግዲህ የዳታቤዝ ነዳፊ ግዴታ ግልጽ ነው። በእይታ መጻፍን ከመፍቀዱ በፊት፣ ምን ሊለወጥ ምን ጸንቶ ሊኖር እንደሚገባው ከባለጉዳዩ ጠይቆ በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ይህን ያልወሰነ ነዳፊ፣ ውሳኔውን ስለ ቶላም ስለ አልማዝም ለማያውቅ ማሽን ትቶታል።