የጓሮ ዶሮና በግ የአንድ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዩኒየን ሲነሳ በቅድሚያ የሚወሳው የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የእህል ግብይት ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማሳው ጠባብ በሆነ የደጋ ቤተሰብ ዘንድ የጨውና የሳሙና፣ የደብተርና የሕክምና ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ ነው። ከበድ ያለ ወጪ ሲመጣ ደግሞ በግ ይሸጣል። የዶሮው ገቢ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ስለሚገባ በቀጥታ ለልጆች ጉሮሮ ይደርሳል።

ይህ ሀብት በየቤቱ ለየብቻ ይያዛል። ትልልቆቹ ጉዳቶች ግን አንድ ቤት ብቻውን ሊከላከላቸው የማይችላቸው ናቸው። የዛሬው ንግግር ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

ስለ ዶሮ

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። በ12 እንቁላል ላይ ታቅፋ በ21 ቀን 10 ጫጩት ፈለፈለች እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 3ቱ ብቻ ለቄብነት ቢበቁ 7ቱ ጠፉ ማለት ነው። 6ቱን ማትረፍ ቢቻል ግን አንድም ዶሮ ሳይገዛ ምርቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዝርያ ከመለወጥ በፊት ያለውን ማትረፍ ይቀድማል። ክትባትና ማደሪያ ሳያዘጋጁ የተሻሻለ ዝርያ መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ጭልፊትና ሸለምጥማጥ የሚያደርሱትን ጉዳት እያንዳንዱ ቤት ራሱ ሊቀንሰው ይችላል። ጫጩቶቹን ከእናታቸው ጋር ለመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት ከሸንበቆ ወይም ከቀርከሃ በተሠራ ሰፊ ቅርጫት ሥር ማዋል፣ የተከካ እህልና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ፣ ማታ በሩ የሚዘጋ ማደሪያ ማዘጋጀት በቂ ነው።

ፈንግል ግን የመንደር ጉዳይ ነው። የታመመች ዶሮ ትደበታለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አረንጓዴ ትቀዝናለች፣ አንዳንዴም አንገቷ ይጣመማል። በሽታው መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀትን የሚቋቋመው ዓይነት በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን በየ3 እና 4 ወሩ መደገም አለበት። ችግሩ አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው። 6 ዶሮ ያላት ቤት ብቻዋን አትገዛውም፤ ከተበጠበጠ በኋላም ለሚቀጥለው ወር አይቀመጥም። በመሆኑም መንደሩ ቀን ካልቆረጠ ክትባቱ አይመጣም።

ሌላም አለ። ዶሮዋ መታመም ስትጀምር ብዙ ሰው ሳትሞት ልሽጣት ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ገዢውም በሽታውን ይዞ ወደ መንደሩ ይገባል። በሚቀጥለው ገበያ ያው በሽታ በሌላ ዶሮ ተመልሶ ይመጣል። የታመመ ዶሮ አለመሸጥ፣ የሞተውንም መቅበር ወይም ማቃጠል ለጎረቤት የሚደረግ ውለታ ብቻ ሳይሆን ለራስ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ስለ በግ

ቶሎ ያደገውና ቁመናው ያማረው ጠቦት ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ ይወጣል። ገዢ ያላገኘው ቀጫጫ ጠቦት ቤት ይቀራል፤ ለሴቶቹ በጎች አውራ የሚሆነውም እሱ ነው። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም መንጋው እየኮሰሰ ይሄዳል። ባለቤቱን መውቀስ ግን አይገባም። 3 እናት በግ ያለው ቤት ለ3 በግ ብሎ ምርጡን አውራ ሳይሸጥ ቢያቆይ አያዋጣውም። ነገር ግን አንድ ጥሩ አውራ ከ25 እስከ 30 እናት በግ ያጠቃል። ይህም ማለት ወደ 10 የሚጠጉ ቤቶች በአንድ አውራ መገልገል ይችላሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኅብረተሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ በዚሁ መንገድ የተመሠረተ ነው። በመንዝ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የምርምር ተቋም ከኢካርዳና ከሌሎች ጋር በመሆን ገበሬዎችን አስተባብሯል። የጠቦቶቹ ልደትና ክብደት ይመዘገባል፤ ምርጦቹን አውራዎች ገበሬዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በጋራም ይገለገሉባቸዋል። ከውጭ የመጣ ዝርያ አላስፈለገም፤ የመንዝ በግ ራሱ ተሻሻለ።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አውራው ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ወደ ሌላ ቡድን መዛወር አለበት። ሁለተኛ፣ ግጦሹ የጋራ እስከሆነ ድረስ ያልተመረጠ የጎረቤት ጠቦት የሁሉንም ድካም ያበላሻል። ስለዚህ ያልተመረጡት በወቅቱ መኮላሸት ወይም መሸጥ ይኖርባቸዋል።

የጉበት ትልም እንዲሁ ነው። ትሉ በረግረግ ሥፍራ በሚገኝ ቀንድ አውጣ አማካይነት ይተላለፋል። የተያዘ በግ ይከሳል፤ መንጋጋው ሥር ያብጣል። አንዱ ቤት መድኃኒት አግቶ በጎቹን ወደዚያው ረግረግ ቢመልሳቸው ያልታከሙት የጎረቤት በጎች ቦታውን መልሰው ይበክሉታል። በአንድ ሰሞን ሁሉም ማከም፣ ረግረጉንም ከግጦሽ መከለል ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

1. መሠረታዊ ማኅበራት ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር የክትባት ቀን ይቁረጡ። የመጀመሪያው ዙር ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በሚያዝያ ቢሆን ይመረጣል። ሥራውም ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ በማለዳ ይከናወን።

2. ዩኒየኑ ማዳበሪያ እንደሚያቀርበው ሁሉ የክትባትና የጉበት ትል መድኃኒት ፍላጎትን ከአባላት አሰባስቦ ከሚመለከተው ክፍል ጋር ይጻጻፍ።

3. ጎረቤታሞች አውራ በግ በጋራ ይያዙ። ምርጡን ጠቦት ላልሸጠ ባለቤት የገበያው ዋጋ ተዋጥቶ ይከፈለው። አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ሰብቶ ይሸጥ፤ ገንዘቡም ላዋጡት ይመለስ።

4. በየማኅበሩ አንድ የበግ ሚዛን ይኑር። ሚዛኑ አውራ ለመምረጥም፣ በዓይን ግምት ከሚገዛ ነጋዴ ጋር ለመደራደርም ያገለግላል።

5. የወረዳ አመራሮች ሴቶች በማኅበራቱ አባልነትና በኮሚቴ እንዲገቡ ይደግፉ። ዶሮዎቹን የሚያውቋቸው እነሱ ስለሆኑ ያለ እነሱ የሚወሰን የክትባት ቀን ፋይዳ አይኖረውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከዚህ ውስጥ ብዙ ብር የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቀው ስምምነት ነው። ማዳበሪያ በጋራ መግዛትን የለመደ አባል ጠብታ በጋራ መግዛት አይከብደውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ሸለምጥማጡንና ፈንግሉንማ እንዴት ያቅተዋል!

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን።