ተሰጥዖ ብቻውን አይሮጥም
የፖርሺያ ውድማን የራግቢ ዘመን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ስፖርተኛ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ስለ ተሰጥዖው መናገር ቀላል ነው። ፍጥነቱን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣ፣ ሜዳውም እርሱን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። የስፖርተኞችን የሥራ ዘመን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው ግን እውነቱ ከዚህ የተለየ ነው። ተሰጥዖ የሚሮጥበት ሜዳ፣ ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ፣ በወደቀም ጊዜ የሚያነሣው ክንድ ካላገኘ፣ እንደ በጋ ጅረት ከመንገድ ደርቆ ይቀራል። የኒው ዚላንዳዊቷ የራግቢ ተጫዋች የፖርሺያ ውድማን የሥራ ዘመን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራግቢ በአገራችን እምብዛም የማይዘወተር ስለ ሆነ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ሲቀባበሉት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድም። ኳስ የያዘውን ተጫዋች ጠልፎ ሳይሆን በክንድ አቅፎ መጣል ሕጋዊ ነው። ኳሱን ከባላጋራው የግብ መሥመር ማዶ መሬት ያስነካ «ትራይ» የሚባለውን ያስቆጥራል፤ ዋጋውም 5 ነጥብ ሲሆን፣ ተከትሎ የሚመታው ምት ከገባ 2 ነጥብ ይጨመርበታል። የተለመደው ራግቢ በ15 ተጫዋቾች ለ80 ደቂቃ ይካሄዳል። የሰባቱ ራግቢ ግን በዚያው ስፋት ባለው ሜዳ ላይ ሰባት ለሰባት ሆነው፣ እያንዳንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ብቻ ሆኖ የሚጫወቱት ነው። ከዚህ የተነሣ ባዶው ቦታ ሰፊ፣ ጊዜው ጠባብ ነው። አንዲት ፈጣን ልጅ ከመሥመሩ ጠርዝ ካመለጠች የሚደርስባት አይኖርም፤ አንዲት ተጫዋች ከሜዳ ከወጣች ደግሞ ጉድለቷ ወዲያው ይታያል።

ፖርሺያ ውድማን በ1991 በሰሜን ኒው ዚላንድ፣ በካይኮሄ ከተማ ከማኦሪ ወገን ተወለደች። አባቷ ካውሄና እና አጎቷ ፍሬድ በ1980ዎቹ «ኦል ብላክስ» ለሚባለው ለአገሪቱ የወንዶች ብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ ነበሩ። እንግዲህ ጨዋታው ለቤተሰቡ እንግዳ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ወጣቷ በመጀመሪያ የተሰማራችው በኔትቦል ነበር። የዚህም ምክንያት ለመገመት አያዳግትም። የኒው ዚላንድ ሴቶች በአሥራ አምስቱ ራግቢ በ1998፣ በ2002፣ በ2006 እና በ2010 የዓለም ዋንጫን በተከታታይ አራት ጊዜ ቢያነሡም፣ ጨዋታው እንደ ወንዶቹ እንጀራ አልሆናቸውም ነበር። ሥራቸውን ሠርተው፣ ልጆቻቸውን አሳድረው፣ በተረፈው ሰዓት የሚለማመዱ የዓለም ሻምፒዮኖች ነበሩ። ኔትቦል ግን ለሴት ልጅ የታወቀ መንገድና የታወቀ ሊግ ነበረው፤ ፖርሺያም «ኖርዘርን ሚስቲክስ» ለተባለው የኦክላንድ ቡድን ተጫውታለች።

በሩን የከፈተው በጥቅምት ወር 2009 ኮፐንሃገን ላይ የተደረሰ ውሳኔ ነው። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ የሰባቱ ራግቢ ከ2016 ጀምሮ በወንዶችም በሴቶችም የኦሎምፒክ ውድድር እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው የተላለፈው በአዳራሽ ውስጥ፣ በድምፅ ቈጠራ ነበር፤ ውጤቱ ግን እስከ ሩቅ መንደሮች ሜዳ ድረስ ደረሰ። በ2012 የኒው ዚላንድ የራግቢ ባለሥልጣኖች የሜዳልያ ተስፋ የሚጣልባቸውን ሴቶች ለመፈለግ በአገሪቱ እየተዘዋወሩ ፈተና አደረጉ። በራግቢ የታወቁትን ብቻ ሳይሆን በሌላ ስፖርት ያደጉትንም ጠሩ፤ ፍጥነታቸውን፣ የእጃቸውን ቅልጥፍናና የመንፈሳቸውን ጽናት መዘኑ። ከተፈታኞቹ መካከል የ21 ዓመቷ የኔትቦል ተጫዋች ፖርሺያ ውድማን አንዷ ነበረች።

ከዚህ በኋላ የነበረው እርምጃ ፈጣን ነው። በ2012 መጨረሻ ዱባይ ላይ የተጀመረውን የሴቶች የዓለም ተከታታይ ውድድር ኒው ዚላንድ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የውድድር ዘመናት አሸነፈች። በ2013 ሞስኮ ላይ በተደረገው የሰባቱ ራግቢ የዓለም ዋንጫ ካናዳን 29 ለ12 ረታች። በ2015 ፖርሺያ የዓመቱ ምርጥ የሰባቱ ራግቢ ሴት ተጫዋች ተባለች። በኔትቦል የተማረችው ዘልሎ መቅለብና ባዶ ቦታን ቀድሞ ማየት በአዲሱ ሜዳ ላይ አልባከነም።

ነሐሴ 8 ቀን 2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ የሴቶች ራግቢ ፍጻሜ ተደረገ፤ ተጋጣሚዎቹ ኒው ዚላንድና አውስትራሊያ ነበሩ። ከዕረፍት በፊት የአውስትራሊያ ኳስ ሲወረወር ፖርሺያ እጇን ሰድዳ መታችው። ዳኛዋ ድርጊቱን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ነው ብላ ቢጫ ካርድ አሳየቻት። ቢጫ ካርድ በሰባቱ ራግቢ የሁለት ደቂቃ ቅጣት ነው፤ ጨዋታው አጭር በሆነበት ሜዳ ሁለት ደቂቃ ረዥም ዘመን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እርሷ ከመሥመር ውጪ ተቀምጣ ስትመለከት ባላጋራዎቿ ወደ መሪነት ተሸጋገሩ። ተመልሳ ገባች፤ በመጨረሻም ትራይ አስቆጠረች፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። አውስትራሊያ 24 ለ17 አሸነፈች። በውድድሩ ከሁሉ የበለጠ 10 ትራይ ያስቆጠረችው ተጫዋች በእጇ ጥፋት የተነሣ ቡድኗ የተጎዳበትን ፍጻሜ ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች።

የአንድ ስፖርተኛ ዘመን የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ኦሎምፒክ በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ስለ ሆነ ስሕተቱ በሚቀጥለው ሳምንት አይታረምም። ፖርሺያ በ2017 በአየርላንድ በተደረገው የአሥራ አምስቱ ራግቢ የዓለም ዋንጫ ተሰለፈች። በሆንግ ኮንግ ላይ በአንድ ጨዋታ 8፣ በውድድሩ በጠቅላላው 13 ትራይ አስቆጠረች። ቡድኗ በቤልፋስት እንግሊዝን 41 ለ32 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ እርሷም በአሥራ አምስቱ ራግቢ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ሆነች። የአገሪቱ የአሥራ አምስት ቡድን ሴቶች የመጀመሪያውን የሥራ ውል ያገኙት ከዚህ ድል በኋላ፣ በ2018 ነበር፤ ዋንጫው ቀደመ፣ ደመወዙ ተከተለ።

በዚያው በ2018 መጨረሻ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት የባትን ጉልበት ወደ እግር የሚያስተላልፍ ነው፤ ኑሮው በፍጥነት ላይ ለተመሠረተ ሰው ከዚህ የከፋ ጉዳት ጥቂት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከዓለም አቀፍ ውድድር ራቀች። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ሐኪምና አሠልጣኝ የሌለው፣ ሳይድን ወደ ሜዳ እንዲመለስ የሚገፋ ስፖርተኛ ዘመኑ በዚያው ያበቃል። ሙያው ተቋም ያለው በመሆኑ ግን መታከሚያና መታገሻ ጊዜ ተገኘ። በወረርሽኙ ምክንያት የ2020 ኦሎምፒክ በአንድ ዓመት መዘግየቱም ለዳነው እግር ተጨማሪ ፋታ ሰጠ።

ሐምሌ 31 ቀን 2021 ተመልካች ባልገባበት የቶክዮ ስታዲየም ኒው ዚላንድ ፈረንሳይን 26 ለ12 አሸንፋ የወርቅ ሜዳልያውን ወሰደች። የሪዮ ቢጫ ካርድ ከታየ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ከጋብቻዋ በኋላ ውድማን ዊክሊፍ የተባለችው ተጫዋች በ2022 በአገሯ በተደረገው የአሥራ አምስቱ ራግቢ የዓለም ዋንጫ በውድድሩ ታሪክ ያስቆጠረቻቸውን ትራዮች 20 አድርሳ፣ የእንግሊዛዊቷን የሱ ዴይን የ19 ክብረ ወሰን አለፈች። በኦክላንድ በኤደን ፓርክ በ42,579 ተመልካች ፊት በተደረገው ፍጻሜ ግን በመጀመሪያው አጋማሽ ራሷን ተመትታ ከሜዳ ወጣች፤ የመታቻትም እንግሊዛዊት በቀይ ካርድ ተሰናበተች። ጓደኞቿ ያለ እርሷ 34 ለ31 አሸነፉ። በሪዮ እርሷ በሌለችበት ሁለት ደቂቃ የተናጋው ዓይነት ሚዛን በኦክላንድ ጸንቶ ቆመ፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የሥራ ውልና ሥልጠና ያገኘ የተጫዋቾች ትውልድ ተፈጥሮ ነበርና።

ሐምሌ 30 ቀን 2024 በፓሪስ ኒው ዚላንድ ካናዳን 19 ለ12 ስታሸንፍ ፖርሺያ ሁለተኛውን ወርቅ አጠለቀች፤ ከሰባቱ ራግቢም በዚሁ ተሰናበተች። በዓለም ተከታታይ ውድድር ያስቆጠረቻቸው ትራዮች በዚያን ጊዜ ከ250 በላይ ሲሆኑ፣ ከእርሷ በፊት ይህን ያህል ያስቆጠረች ሴት አልነበረችም። ሆኖም ስንብቱ ሙሉ አልነበረም፤ በ2025 በእንግሊዝ ለተደረገው የአሥራ አምስቱ ራግቢ የዓለም ዋንጫ ተመልሳ፣ ቡድኗ ሦስተኛ ሲወጣ አብራ ነበረች።

ክቡራንና ክቡራት፤ የዚህ ታሪክ ትርጉም በሜዳልያው ቁጥር ላይ አይደለም። ፖርሺያ ውድማን በ2012 ፈተና ባይደረግ ኖሮ ያው ፈጣን እግር፣ ያው ቀልጣፋ እጅ ይኖራት ነበር፤ ዓለም ግን አያውቃትም ነበር። ከእርሷ በፊት አራት ዋንጫ ያነሡት ሴቶች ተሰጥዖ አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ሙያቸውን ሙያ ብሎ የሚጠራ ውል ነበር። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ አንዲት ልጅ ሁሉን ቀድማ ስትሮጥ ያየ ባለሙያ፣ ልጅቱ የት ትደርሳለች ብሎ ከመጠየቁ በፊት የምትደርስበት መንገድ ተጠርጓልን ብሎ ይጠይቅ። ፍጥነቱን ልጅቱ ይዛ መጥታለች፤ መንገዱን መጥረግ ግን የባለሙያው ፈንታ ነው።