ድምፅ የሌላት የመጨረሻ ፊደል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው አራት ፊደል ኖሯቸው በ«ኢ» ስለሚያልቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚሰሙት «ፓይፕ» እና «ቲዩብ» ከነዚህ ወገን ናቸው። ሲጻፉ «ኢ» በመጨረሻ ትቆማለች፤ ሲነበቡ ግን አትሰማም።

ባትሰማም ሥራ አላት። ከፊቷ ያለው አናባቢ በገዛ ስሙ እንዲጠራ ታደርጋለች። በሒሳብ «ሳይን» የምንለው ቃል «ኢ»ን ቢያጣ «ሲን» ይሆናል፤ ትርጉሙም ኃጢአት ነው። ስድስት ገጽ ያለው «ኪዩብ» ደግሞ «ከብ»፣ ማለትም የአንበሳ ደቦል ይሆናል። ይህን ሕግ የማይጠብቁም አሉ፤ «ሃቭ» እና «ጊቭ» «ኢ»ን የያዙት እንግሊዝኛ ቃሉን በ«ቪ» መጨረስ ስለማይወድ ነው።

«የማትሰማ ከሆነች ለምን ትጻፋለች?» የሚል አይጠፋም። በባለቅኔው በቾሰር ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ዓመት፣ በብዙ ቃላት ላይ ትሰማ ነበር። ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ አገር ሲያስገባ ድምፅዋ እየጠፋ ነበር፤ ጽሕፈቱ ግን አልተዋትም። እኛስ ብንሆን ፀሐይ «ሠረቀ»ን በንጉሡ «ሠ»፣ ሌባ «ሰረቀ»ን በእሳቱ «ሰ» እንጽፍ የለምን?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ አንዲት ፊደል ቸል ያለ ተማሪ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ቃሉን ከመሸምደዳችን በፊት ምክንያቱን እንወቅ። ወላጆቻችንም፣ እንግሊዝኛ ባታውቁ እንኳ፣ «የመጨረሻዋ ፊደል ምን ትሠራለች?» ብላችሁ ጠይቁን።